በቤቱ ያለ

አዴ ወርቅቱ ሰኞ ጠዋት፣ በዓል በሌለበትና እንግዳ ባልተጠራበት ቀን፣ በአራት ብር ከሃምሳ ዶሮ ገዝተው ገቡ። ሮማነወርቅ ወደ ቢሮ ለመሄድ ቸኩላ ሻይዋን ቆማ እየጠጣች ነበር። አማቷ ገና ጎሕ ሲቀድ የወጡት የቀበሌው ሱቅ ስኳር ያድላል ተብሎ ነው። ስኳሩስ ልትል አፏን ስትከፍት ዶሮይቱ ከነጠላቸው ሥር ተንፈራገጠች። አሮጊቷ ዶሮዋን ከአልጋው እግር ጋር አሰሩ። ከዚያ በጉልበታቸው ተንበርክከው ከአልጋው ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሻንጣ ጎተቱና የልጃቸውን የነገራን ግራጫ ኮት አወጡ። ኮቱ ሰባት ዓመት ሙሉ ከብል መድኃኒት ጋር ተጣጥፎ የኖረ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ አራገፉት፤ ጋዜጣ በተለጠፈው ግድግዳ ላይ ካለው ሚስማር ሰቀሉት፤ ሰው የለበሰው ይመስል ትከሻውን በመዳፋቸው አስተካከሉለት።

«ሀርሜ፣ ዛሬ ምንድን ነው?» አለች ሮማነወርቅ፤ አማቷን በኦሮምኛ «እናቴ» ብላ ነው የምትጠራቸው።

«ልጄ ሊመጣ ነው።»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አዴ ወርቅቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና አማርኛውን ከኦሮምኛው እያቀላቀሉ ነገሯት። የስኳሩ ሰልፍ ከቀበሌው ግድግዳ ጋር ይያያዛል፤ ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ አንዲት ተማሪ ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብላ ስታነብ ሰሟት። ነገራ ሆርዶፋ፤ ዕድሜ ሃያ ዘጠኝ፤ የቤት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት፤ በቤቱ ያለ። ልጅቷን ሦስት ጊዜ አስነበቧት። ሰልፋቸውን ትተው ወጡ፤ ስኳሩ ይቅር።

«ጂራ! አለ ብሎ መንግሥት ራሱ ጻፈ። ጂራ፣ ኢንታላኮ! አለልሽ፣ ልጄ!»

«ወረቀቱ የምን ነው አሉ?»

«ለውትድርና ነው አሉ። ቢሆንስ? ወታደር እኮ ደብዳቤ ይጽፋል።»

የሮማነወርቅ ባል ነገራ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። በየካቲት ወር ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ የተማሪዎቹን ደብተር እያረመ ሳለ፣ ከዚሁ ቤት ወሰዱት። ዘጠኝ ቀን ወደ ቀበሌው እስር ቤት ምሳ አመላለሰች፤ በአሥረኛው ቀን የበሩ ጠባቂ ሳህኑን እንደ ተሸፈነ መለሰላትና «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ሬሳ አልተሰጣቸውም፤ ወረቀት አልተሰጣቸውም፤ ማልቀስም በጥብቅ የተከለከለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በወር ስድስት ብር ከሠላሳ በሚከፈልበት የቀበሌ ቤት፣ ስለ እሱ አንድ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። አሮጊቷ ስሙን ሲያነሱ «ነገራ ጎመን አይወድም» ይላሉ፣ ዛሬም ማዕድ ላይ እንዳለ ሰው። ሮማነወርቅ ስሙን ስትጠራ «ነው»ንም «ነበር»ንም ትፈራለች፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ትተወዋለች። እንዲህ እየሆኑ ሰባት ዓመት ኖረዋል።

«እስቲ እኔም አይቼው ልምጣ» ብላ ወጣች። አሮጊቷ ከኋላዋ «ዘይት ካለ እይልኝ!» አሏት።

ቀበሌው ከአስፋልቱ በስተታች ነው። ጋሪዎች ወደ ፍልውሃው ሰው እያመላለሱ ነበር፤ በግድግዳው ሥር ግን የቆመው ሰው ድምፅ የለውም። ወረቀቱ ሰፊ ነው፣ ዳርና ዳሩ በትንንሽ ቀዳዳ የተበሳ፤ ፊደሉ በታይፕ የተጻፈ አይመስልም፣ ከነጠብጣብ የተሠራ ነው። ከላይ በእጅ ጽሑፍ «በሦስት ቀን ውስጥ ያልቀረበ እንደሆነ ቤተሰቡ በሕግ ይጠየቃል» የሚል ተጨምሮበታል። ሠላሳ አራት ስም አለ። የነገራን ስም አገኘችው። ከእሱ በላይ ደግሞ ዓብዲሳ፣ የአዴ ባየሽ ልጅ፤ ከእሱ በታች የልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድም፤ ዝቅ ብሎ እነዚያ በአንድ ቀን የተወሰዱት ሁለቱ ወንድማማቾች። ቆጠረቻቸው። አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንዱም «በቤቱ ያለ» ናቸው። ግድግዳውን ተደገፈች። አሥራ አንድ የሚለው ቁጥር አዲስ አልነበረም። እሷው በገዛ እጇ የሠራችው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሮማነወርቅ በከተማው የነዋሪዎች ምዝገባ ክፍል ጸሐፊ ናት። በክረምቱ ቤት ለቤት የዞሩ መዝጋቢዎች፣ ከድሮው የቤት መዝገብ ስሙ ያልተሰረዘውን ወንድ ሁሉ «የት ነው?» እያሉ ጠይቀው መልሱን በቃል እንደ ሰሙት ጽፈው ነበር። የሷ ሥራ በቃል የተጻፈውን ወደ ቁጥር መለወጥ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ኮምፒዩተር ከቁጥር በቀር አያነብም ተብሏል። በቅጹ ላይ ለዚህ መልስ ላለችው ትንሽ ሣጥን የተሰጣት ሰንጠረዥ አራት ቁጥር አለው፤ ዜሮ፣ በቤቱ ያለ፤ አንድ፣ በሥራ ወይም በትምህርት ከከተማ የወጣ፤ ሁለት፣ በሞት የተለየ፤ ሦስት፣ የኮበለለ። ሺህ ያህሉን ቅጽ እንደ ውኃ አስኬደችው። በመካከሉ አንዳንድ ቅጽ ይመጣል፤ «የት ነው?» ለሚለው መልሱ «እግዜር ያውቃል» የሚል። «መንግሥትን ጠይቁ» የሚል። «እናንተ ወስዳችሁት የለም ወይ» የሚል፤ መዝጋቢው ደንግጦ የሰረዘው፣ ግን የሚነበብ። ከቤት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት የመጣው፣ አዴ ወርቅቱ የመለሱት፣ «ይመጣል» ይላል። እነዚህን ወደ የትኛው ቁጥር ታስገባቸው? ብዙ አሰበች፤ ማንንም መጠየቅ ፈራች። በመጨረሻ የአሥራ አንዱንም ሣጥን ባዶ ተወችው። ባዶ ሆኖ ቢሄድ የሚያየው ሰው ባዶ መሆኑን ያያል፣ ቢያንስ ውሸት አልጻፍኩም ብላ ነበር።

ቢሮ ስትደርስ የክፍሉ ኃላፊ ተድላ በር ላይ እየጠበቃት ነው። ስልክ ሲደወልለት አርፍዷል፤ ፊቱ ገርጥቷል። ከውስጥ፣ እሷ ወንበር ላይ፣ መነጽር ያደረገ ወጣት ተቀምጧል። አሻግሬ ይባላል፤ ዝርዝሩን ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ቅጾቹን ከፊቱ ደርድሮ አሥራ አንዱን ለብቻ አውጥቷቸዋል።

«ጓድ ሮማነወርቅ፣ ይሄ አሻጥር ነው» አለ ተድላ። «ሰባት ዓመት ያልታየ ሰው ለግዳጅ ተጠራ እየተባለ ከተማው ሊያብድ ነው። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ወህኒ ልታስገቢኝ ነው?»

«ባዶ ነው የተውኩት። በቤቱ ያለ ብዬ አልጻፍኩም።»

ወጣቱ ቀና አለ። «ልክ ነዎት፣ አልጻፉም» አለ ቀስ ብሎ። «ማሽኑ ግን ባዶ የሚባል ነገር አያውቅም። ባዶ ቦታ ሲያገኝ ዜሮ ብሎ ያነበዋል። በሰንጠረዡ ዜሮ ደግሞ በቤቱ ያለ ነው።»

ሮማነወርቅ የቅጹን ሣጥን ደጋግማ አየችው። ምንም ያልተጻፈበት፣ ከጥፍር የማይበልጥ ነጭ ቦታ ነው።

«እና የማይታወቅ ሰው ቁጥሩ ስንት ነው?»

አሻግሬ ተድላን በጎን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰንጠረዡ ሲዘጋጅ እኔም ነበርኩ። ከአንድ እንጀምር፣ ዜሮን ላልታወቀ እንተወው ብዬ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ተነሡና፣ በአብዮታዊት ኢትዮጵያ የት እንዳለ የማይታወቅ ዜጋ የለም አሉ። ከዚያ በኋላ እጁን ያወጣ የለም።»

«አሁንስ? አንድ ቁጥር መጨመር አይቻልም?»

«ተፈርሞበታል። ከሦስት የበለጠ ቁጥር ካየ ማሽኑ ቅጹ የተገለበጠበትን ካርድ ይተፋዋል። እኔ ማድረግ የምችለው ዛሬ አሥር ሰዓት መኪናዬ ሲነሣ እርማቱን ይዤ መሄድ ነው። ከአራቱ አንዱን ይስጡኝ።»

ከአራቱ አንዱን። ተድላ ደንቡን ከመሳቢያው አውጥቶ አነበበላት፤ እሷ ግን ቀድማ በቃሏ ታውቀዋለች። አንድ ለመጻፍ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሁለት ለመጻፍ ቀበሌው ያተመበት የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል። ሦስት ለመጻፍ ምንም አያስፈልግም፤ ግን ኮብላይ ያለበት ቤተሰብ የቀበሌ ቤት የመያዝ መብት የለውም፤ በወሩ ይለቃል። ዜሮ ከሆነ ሰውየው በሦስት ቀን ይቀርባል፤ ካልቀረበ እናቱ ወይም ሚስቱ ትታሰራለች። ተድላ ደንቡን አጠፈና «እስከ ዘጠኝ ተኩል» አላት። «ካለዚያ አሥራ ሁለተኛው ስም ያንቺ ነው።»

ወደ ቀበሌው ተመለሰች። ሊቀመንበሩ ፈየራ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ነበር፤ ውጭ የተሰበሰቡት እናቶች ቁጥር በዝቷል። አዴ ወርቅቱም መጥተው ከፊት ቆመዋል፤ «ልጄን አምጡና ራሴ እመርቀዋለሁ» እያሉ በሩን በበትራቸው ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋሉ። ሮማነወርቅ በጓሮ ዞራ ገባች። ፈየራ ያን ጊዜ አብዮት ጠባቂ ነበር፤ ያቺን ሳህን ከነምግቧ የመለሰላት እሱ ነው። አሁን ጠጉሩ ሸብቷል፤ ስኳርና ሳሙና ያድላል፤ መንገድ ላይ ሲያያት አንገቱን ይሰብራል። ጠረጴዛው ላይ ያው ሰፊ ወረቀት ተዘርግቷል።

«ምን ልታዘዝ፣ እህቴ?» አለ ቀና ሳይል።

«ሠላሳ አራት ሰው አቅርብ ተብለሃል። አሥራ አንዱን ከየት ታመጣለህ?»

ከውጭ የበትሩ ድምፅ ይሰማል።

«ጎዶሎ ቢገኝ ከየትም ሞልተህ ታመጣለህ ብለውኛል» አለ ፈየራ። «የኔ ልጅ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ሞላው።»

«እንግዲያው ሞተዋል ብለህ ፈርም።»

ፈየራ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ፣ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ሲያገላብጥ፣ ላቡ ከግንባሩ ላይ ወረደ። «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ። «የማላውቀውን አልፈርምም። ቤተሰቡ ከፈረመ ግን እፈርማለሁ።» ከዚያም በገዛ እጁ፣ ቃሉን እየመረጠ፣ አንድ ወረቀት ጻፈላት፤ እንደዚያ ያለ አሥራ አንድ ቅጂ እንድታደርግና የእናትና የሚስት፣ አንዷ ከሌለች የሌላዋን አውራ ጣት አስነክታ እንድታመጣ ነገራት። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ከላይ ስሙ የተጠቀሰው የቤተሰባችን አባል በየካቲት ወር ሰባ ዓመተ ምሕረት በደረሰበት የሆድ ሕመም በቤቱ ተኝቶ ሳለ ያረፈና ራሳችን የቀበርነው መሆኑን፣ በማንም ላይ ጥያቄ የሌለን መሆኑን በጣት አሻራችን እናረጋግጣለን።

ሮማነወርቅ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የት ቀበርነው ብለን?»

«ቦታው አይጻፍም» አለ ፈየራ፤ ማኅተሙንም ኪሱ ከተተው።

ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ የቀለም ስፖንጅ በጣሳ ይዛ ከቤት ቤት ዞረች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የሰው ቤት ዓይታ አታውቅም። አንዱ ቤት ወለሉ ገና በእበት ተለቅልቋል፣ ይመጣል ተብሎ። አንዱ ቤት ባለቤቲቱ ባል አግብታለች፤ አዲሱ ባል ወረቀቱን ሲሰማ ምንም ሳይል ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሴትየዋ ጣቷን ነክራ ከተጫነች በኋላ ቀለሙን ቶሎ ቶሎ በቀሚሷ ጠረገችው። የሁለቱ ወንድማማቾች እናት ሁለት ጊዜ መጫን እንዳለባቸው አልገባቸውም፤ አንዱን ከተጫኑ በኋላ እጃቸውን ሰበሰቡ፣ «ሁለተኛውስ?» ስትላቸው ጣታቸውን አይተው «አንድ እኮ ነው ያለኝ» አሉ። ልብስ ሰፊው ጮኸባት፤ «ሆድ ሕመም? ሲወስዱት በዓይኔ አይቼ?» አላት፤ ከዚያ የሦስት ቀኑን ቀጠሮ አስታወሰ መሰል እናቱ እንዳይታሰሩ ሲል ጠርቶ ጣታቸውን አስነካቸው። ለእያንዳንዱ ወረቀቱን ታነባለች፤ ማንም ሳይነበብለት አይፈርም። ለስንተኛ ጊዜ «የሆድ ሕመም» እንዳለች ስታስበው፣ ቃሉ ትርጉም አጥቶ ምላሷ ላይ እንደ አሸዋ ሆነ።

አዴ ባየሽ ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። በር ላይ ጨውና በርበሬ በማንኪያ እየሰፈሩ ይቸረችራሉ። ባል የላቸውም፣ ከዓብዲሳ በቀር ልጅ አልወለዱም። ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ፣ አሮጊቷ የበርበሬ ማንኪያቸውን ሳያስቀምጡ ቆይተው ጠየቋት።

«ሞተ ነው የሚለው?»

«አዎ፣ አዴ ባየሽ።»

«አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። እንግዲህ እነሱ ያላሳዩኝን ሬሳ እኔ ለነሱ ላሳያቸው ነው? በአውራ ጣቴ ልጄን ልግደል?»

ሮማነወርቅ የሚሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ መታሰሩን፣ ቤቱን፣ ሰንጠረዡን፣ ባዶ የተወችው እሷ መሆኗን ጭምር። አሮጊቷ በትዕግሥት ሰሟት። ከዚያ በርበሬ ልትገዛ ለመጣች ሴት ሁለት ማንኪያ ሰፈሩላት፣ መልሷን ሰጧት። «አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ» አሏት ሮማነወርቅን ደግሞ። «የቀረውን እንዳሻችሁ ጻፉ። ጣቴን ግን አልሰጥም።»

የራሷን ቤት ለመጨረሻ አስቀርታው ነበር። ስትደርስ አዴ ወርቅቱ ከቀበሌው ደጅ ተመልሰው፣ በሩን ከፍተው፣ ከኮቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዶሮዋ እንደ ታሰረች ናት። ሮማነወርቅ ከአማቷ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በሰባት ዓመት ያልተነጋገሩትን ከየት እንደምትጀምረው አታውቅም፤ ስለዚህ ከሣጥኑ ጀመረች። ባዶ ተውኩት አለች፤ ማሽኑ ባዶውን ዜሮ አደረገው፣ ዜሮ በቤቱ ያለ ነው። አሮጊቷ ስለ ማሽን የተናገረችው ገባቸው አልገባቸው ፊታቸው አያሳይም።

«መንግሥት አይደለም እንግዲህ አለ ያለው» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ዝም ስላልሽ ነው።»

«አዎ፣ ሀርሜ።»

«ፈየራ ምን አለ?»

ወረቀቱን አነበበችላቸው። የሆድ ሕመም የሚለው ጋ ስትደርስ አሮጊቷ እጃቸውን አነሡ፤ አቆመች። «ልጄን ሆዱን አሞት አያውቅም» አሉ። «ድንጋይ ቢበላ ይፈጨው ነበር።» «ይፈጨው ነበር» ነው ያሉት። በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እኒህ ሴት ስለ ልጃቸው «ነበር» ሲሉ የሰማችው። አሮጊቷም ከአፋቸው የወጣውን የሰሙት መሰለ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ስፖንጁ ላይ ጫኑት፤ ከዚያም ወረቀቱ ላይ፤ አጥብቀው፣ ጥፍራቸው እስኪነጣ። ሮማነወርቅ ከጎኑ ፈረመች።

«አሁን ወረቀቱ ማኅተም ሲመታበት፣ ሞተ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«በሕግ?»

«በሕግ፣ ሀርሜ።»

«እንግዲያው ማልቀስ ይቻላል።»

ሮማነወርቅ ይህን አላሰበችውም ነበር። «ይቻላል» አለች።

ፈየራ አሥሩን ወረቀት ሳያነብ አተመበት። ለዘጠኝ ሰዓት ተኩል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቢሮ ገባች፤ አሻግሬ ወንበሯን ለቀቀላት። አሥር ሣጥን ውስጥ አሥር ጊዜ ሁለት ጻፈች፤ የነገራንም እንደ ሌላው ጻፈችው። አሥራ አንደኛው የዓብዲሳ ነው። ያልተፈረመበት ወረቀት አብሮት አለ፤ የቀለሙ ጣሳም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። አውራ ጣት አውራ ጣት ነው፤ ማን ያውቃል? ፈየራ ምንም ብታመጣለት ያትምበታል። ጣቷን ነከረች። ወረቀቱ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋ ያዘችው። አሻግሬ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ፤ ሆን ብሎ እንደሆነ አወቀች። አዴ ባየሽ ማንኪያቸውን እንደ ያዙ ያዩዋት ሁኔታ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። ጣቷን በአሮጌ ጋዜጣ ጠረገችና ብዕሯን አነሣች። ዜሮ ብትተወው አሮጊቷ ሐሙስ ይታሰራሉ። ሦስት ጻፈች።

አሻግሬ ቅጾቹን ቦርሳው ውስጥ ሲከት «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። ለምን ይቅርታ እንደ ጠየቃት አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችውም። መኪናው የአዲስ አበባን መንገድ ይዞ ወጣ። ተድላ የቢሮውን በር ቆልፎ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ፈተሸ።

ወደ ቤቷ ስትወርድ ጩኸቱን ገና ከሩቅ ሰማችው። አዴ ወርቅቱ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ጠጉራቸውን ገልጠው፣ ከደጃቸው ወጥተው መንገዱ መካከል ቆመዋል። «ያ ኢልማኮ! ልጄን! ነገራን!» ይላሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ። ጎረቤቱ መጀመሪያ በሩን ገርበብ አድርጎ አየ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ሰፈር ተሰምቶ አይታወቅም፤ ያን ጊዜ ያለቀሰች እናት ከልጇ አጠገብ ነው የታሰረችው። ከዚያ አንዲት ሴት ወጣች፤ ከዚያ ሦስት። ከታች፣ ከልብስ ሰፊው ቤት፣ ሌላ ጩኸት ተነሣ። ከማዶ የሁለቱ ወንድማማቾች እናት። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ያለቅሳል፤ ወዴት ሄዶ ማንን እንደሚያጽናና ግራ የገባው ሰው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሮጣል። ወንዶች ከዕድሩ ሰሌን ተሸክመው መጡና አነጠፉ።

ፈየራ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ ደረሰ። «ምንድን ነው ይሄ? ማን ፈቅዶ ነው?» አለ፤ ድምፁ ግን ከአፉ እንደ ወጣ ቀረ። አዴ ወርቅቱ ዞሩ። ለቅሷቸውን አቋረጡ፤ ሰፈሩም አብሯቸው ጸጥ አለ።

«ፈየራ፣ ሞቷል ብለህ የፈረምክ አንተ አይደለህም ወይ? ለሞተ ሰው ይለቀሳል። ና ተቀመጥ። ልቅሶ ቤት መጥቶ ቆሞ የሚያይ ጎረቤት የለም።»

ፈየራ ጠባቂዎቹን አየ፤ ጠባቂዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ባርኔጣውን አወለቀ። ሰሌኑ ጥግ ላይ፣ ከወንዶቹ መካከል፣ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ከጎኑ የነበሩት ሁለት ሰዎች ራቅ አሉለት። አዴ ወርቅቱ ካቆሙበት ቀጠሉ። ሮማነወርቅ ከሴቶቹ መካከል ገብታ ተቀምጣ ነበር። ታለቅሳለች ብለው ሁሉም ጠበቋት፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ሰባት ዓመት የያዘችው ነገር እንዲህ ባንድ ማኅተም አልወጣ አላት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አዴ ባየሽ መጡ። የጨውና የበርበሬ ንግዳቸውን ዘግተው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው፣ አዴ ወርቅቱን አቅፈው አለቀሱ፤ ለነገራ፣ እንደ ጎረቤት። ከዚያ ሮማነወርቅ አጠገብ ተቀመጡና በጆሮዋ ጠየቋት።

«የኔን ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ሮማነወርቅ አንገቷን ደፋች። «ሦስት።»

«ሦስት ምን ማለት ነው?»

«ኮብልሏል ማለት ነው። ጠፍቶ ሄዷል። ቤቱን… ቤቱን ያስለቅቁዎታል፣ አዴ ባየሽ። በወር ውስጥ። ሌላ የምጽፈው አጣሁ።»

አሮጊቷ ዓይናቸው ላይ ያለውን እንባ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ጠፍቶ ሄዷል» አሉ። «የሞተ ሰው ጠፍቶ አይሄድም።»

«አይሄድም።»

«ቤቱን ይውሰዱት» አሉ አዴ ባየሽ፤ የሮማነወርቅንም እጅ ያዙ። «እኔ ጉደር እህቴ ዘንድ እገባለሁ። አንቺ ብቻ፣ አዲስ ለሚገባው ሰው የት እንደ ሄድኩ ንገሪልኝ። ልጄ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ እንዳይቸገር።»

ሮማነወርቅ «እነግረዋለሁ» ልትል ፈለገች። የወጣው ግን ቃል አልነበረም። አሮጊቷ ራሷን ደረታቸው ላይ ሳብ አድርገው ይዘው፣ አልቅሳ እስክትጨርስ ድረስ፣ ጀርባዋን ዳበሷት።